ለወረቀት የተላከ ሽማግሌ

ሳቄን መያዝ አልችልም፤ ይኸንን አስቀድሜ ልናገር። ደብረ ታቦር ቤተ መጻሕፍት ስቀጠር ፈታኞቹ ፊት ስቄያለሁ። እንግዲህ የታሪክ ጸሐፊውን ወረቀቶች እንዳመጣ እኔን መላካቸው ጥፋቱ የራሳቸው ነው።

ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ከይፋግ እስከ ጉና በእግርም በበቅሎም እየዞሩ አዛውንት ያነጋገሩ፣ የሰሙትን ሁሉ የጻፉ ነበሩ። ሲሞቱ ወረቀቱ በጆንያ እንደታጨቀ ቤት ቀረ። ጣራው ያፈሳል፤ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዤ ባለቤታቸው ዘንድ ሄድኩ።

"ሂጂ ወዲያ!" አሉኝ እማማ። "ዕድሜ ልኬን አንዲት ወረቀት እንኳ አላስነካኝም። ጣውንቴ ናት እሷ! ደግሞስ ከሰው ቤት እንዲህ ዝም ተብሎ ይወሰዳል? ወጉ የታለ?"

እኔ በሳቅ ፍርስ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

አለቃዬ ይኸን ሲሰማ ግንባሩን ያዘ። ኋላ ግን "ወግ ካሉማ ምን ይደረጋል" ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ፤ አንደኛው የእማማ የንስሐ አባት ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ፤ እኔም ከኋላ ተለጥፌ። "ተቀመጡ" ሲባሉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ከዚያ አፋቸው የለመደው ወሰዳቸውና የንስሐ አባትየው ቤተ መጻሕፍቱን እንደ ሙሽራ ማሞገስ ጀመሩ።

"ልጃችን ጨዋ ነው። አይጠጣ፣ አያመሽ! በአሥራ አንድ ተኩል በሩን ዘግቶ ጭጭ ነው።"

በስመ አብ! ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ።

እማማም እንደ ወጉ "መክሬ ልንገራችሁ፤ በሳምንቱ ተመለሱ" አሉ። በሳምንቱ እሺ አሉ፤ ግን ወደ እኔ ዞረው "ለሕዝብ ስትከፈት ቀድሜ የማነባት እኔ ነኝ። ቃል ግቢ" አሉኝ። ገባሁ።

ክረምቱን ሙሉ ወረቀት ስናራግፍ፣ ስናደርቅ፣ በየሣጥኑ ስንደለድል ከረምን። የመክፈቻው ቀን መርሐ ግብሩን ባየው፣ የክብር እንግዳው ሪባን ቆርጠው የመጀመሪያውን ሣጥን ይከፍታሉ ይላል።

"እማማስ?" ብዬ ብጠይቀው አለቃዬ "ከፊት ወንበር ተይዞላቸዋል" አለኝ። እርር አልኩ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸ አይደል? እኚያ ሴት ከወረቀቱ ጋር አንድ ጣራ ሥር አርጅተው፣ ዛሬም ተራቸውን ሊጠብቁ!

የክብር እንግዳው መቀሱን ይዘው ለፎቶ ቀጥ ሲሉ ሄጄ ሪባኑን ብድግ አደረግሁት። "ይለፉ እማማ!" እማማ ጎንበስ ብለው በሥሩ ሹልክ! እልልታው ከየት እንደመጣ እንጃ። አለቃዬ ላብ በላብ ሆነ። እንግዳው ግን ደግ ሰው ናቸው፤ ከነመቀሳቸው መሳቅ ጀመሩ።

ሣጥኑን ከፈትኩላቸው። እማማ ንባብ የለመዱት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። አንድ የጉና ገበሬ፣ ውርጭ ገብሱን ስለበላበት ዓመትና ጎረቤት ለጎረቤት ዘር ስለመካፈሉ ያወራው ነበር። ገጹን ጨርሰው ቀና አሉ።

"ይኸው ነው እንዴ?" አሉ። "ይኸማ ቢያሳየኝ ለኔም ይገባኝ ነበር።"