ሃያ እርምጃ

እድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቶ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ካስገባ ወዲህ፣ ላፍቶ ውስጥ እንደኔ በጨዋ ደንብ የሚከራከር አልነበረም። ይህን የምለው በኩራት ነበር። አልሳደብም። «የተከበሩ ወንድሜ» ብዬ እጀምራለሁ፣ «ከአክብሮት ጋር» ብዬ እጨርሳለሁ። መሀል ላይ ያለው ግን ሰው አያስተርፍም።

ጎረቤቴ የሃያ ዓመት ወዳጄ ነበር። አጥራችንን ያጠርነው በአንድ ሰሞን ነው፤ ከበሬ እስከ በሩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሚስቱ ኩላሊቷን ታማ እጥበት ትመላለሳለች። አንድ እሁድ ፎቶዋን ግሩፑ ላይ ለጠፈና የባህል ሐኪም የሰጣትን ቅጠል መጠጣት ከጀመረች ወዲህ እብጠቷ እንደቀነሰ፣ የታመመ ካለም አድራሻውን እንደሚሰጥ ጻፈ። ፎቶው ላይ ፈገግ ብላለች።

መቀመጫ አጣሁ። ቅጠሉ ሊገድላት ይችላል፤ ይህን ዛሬም አልክድም። «የተከበሩ ወንድሜ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ሆኖም…» ብዬ ስምንት ነጥብ ደረደርኩ፣ ማስረጃም አያያዝኩ። አውራ ጣቱን የቀሰረልኝ ብዙ ነው። አንዱ «ቅጠል የሚያድን ቢሆንማ የኔ ፍየል አትሞትም ነበር» ብሎ ጻፈ፤ ግሩፑ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ሳይመሽ ወዳጄ ጽሑፉን አጥፍቶ ከግሩፑ ወጣ።

ከዚያ ሰላምታ ነሳኝ። ወር ጠብቄ ከእድሩ ሦስት ሽማግሌዎች ላክሁበት፤ እሺ ብሎ በአንደኛው ቤት ተቀመጥን። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የበደለ ጉልበት ይስማል፣ የተበደለ ያነሳዋል። እኔ ግን የጻፍኩትን በወረቀት አሳትሜ ይዤ ሄድኩ፤ ቃል በቃል አነበብኩላቸው። ታላቁ ሽማግሌ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስድብ የለበትም። እንግዲህ ምኑን ይቅር ይበልህ?» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ለስለስ ብለው፣ «ግድ የለህም ልጄ፣ ዝም ብለህ ጉልበቱን ሳም።»

«ጥፋቴ ይነገረኝና እስማለሁ፣ አባቴ» አልኩ። ጨዋ ነኝና።

ያን ጊዜ ወዳጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«ቅጠሉ አልረዳትም፤ እውነትህን ነው» አለ። «ግን ከስንት ወር በኋላ ፈገግ ያለችው ያን ቀን ነበር። ስለ ፍየሏ የተጻፈውንም ራሷ አነበበችው። በሬ ሃያ እርምጃ ነው። ማንኳኳት አቃተህ?»

ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ስነሳ እሱ ጋቢውን ሰብስቦ ወጥቷል። ሽማግሌዎቹም ወረቀቴን አጣጥፈው በእጄ ሰጡኝና ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ሚስቱን የምታስታምም እህቷ ፉሪ ስለምትኖር ቤቱን አከራይተው ወደዚያ ሄዱ። ስልኩ አይነሳልኝም፤ ቴሌግራሙንም ዘግቶብኛል። ሴትየዋ ትኑር አትኑር አላውቅም፤ የሰፈሩን ሰው ብጠይቅ ወሬ ይቀይራሉ። ግሩፑን ትቻለሁ። ትክክል መሆኔን ሳስበው ጸጸቱ ይብስብኛል።

ባለፈው ሳምንት እግሬ ወስዶኝ በሩን አንኳኳሁ። አንድ የማላውቀው ተከራይ ከፈተልኝ።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ።

«ተሳስቼ ነው» አልኩት፤ በሩን ዘጋው።