«ጎበዝ» የማያልቅባቸው መምህር

ተማሪዎቹ «እትዬ ለምን» ይሏታል። የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ናት፤ «ለምን?» ሳትል የዋለች ቀን እንቅልፍ የሚወስዳት አይመስልም። የትምህርት ቤቱን የመምህራን የመማማር ቡድን ያቋቋመችውም እሷ ናት። በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፣ ያየውንም ፊት ለፊት ይናገራል። መጀመሪያ ላይ «ደግሞ ምን ልትለቃቅሚብን ነው?» እያሉ አላገጡባት። እሷ ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ሁሉንም አንድ በአንድ አስገባቻቸው። ተረቱ ዞሮ ራሷን እንደሚይዛት በምን ትወቅ!

የዘንድሮው ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ልጆቹ ማባዛት ሳይችሉ አምስተኛ ክፍል የሚደርሱት ለምንድን ነው? ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«ጉዱ ማን ክፍል እንዳለ ብቻ ንገሩኝ፤ እርምጃው የኔ ነው» አሉ።

ያን ዕለት ልቧ ድንግጥ አለ። አራተኛ ክፍልን የሚያስተምሩት ጋሼ ናቸውና።

ጋሼ እሷንም ያስተማሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ አዛውንት ናቸው። በልጅነቷ ከሳቸው አፍ «ጎበዝ» መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ለፍታ አንዴ ብቻ ብለዋታል፤ ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳቻትም። አሁን ግን «ጎበዝ»ን ላገኙት ሁሉ ይናኛሉ። መምህራኑ «እርጅና አለዘባቸው» ይላሉ፤ እሷም እንዲያ ብታምን በወደደች።

ሌሎቹ ክፍሎች ታይተው አለቁና ተራው የሳቸው ሆነ። ገብታ ከኋላ ተቀመጠች።

«ሰባት በስምንት ሲባዛ?» አሉ ጋሼ።

አንዲት ልጅ ተነስታ «አርባ!» አለች።

«ጎበዝ! ተቀመጪ። ዘጠኝ በስድስትስ? አንተ።»

ልጁ ለማሰብም አልደከመ። «ድመት!» አለ።

«ጎበዝ!» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸው በርቶ።

እትዬ ለምን ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ያስፈራት የልጁ ብልግና አይደለም፤ ማንም አለመሳቁ ነው። በዚህ ነገር ስቀው ስቀው ሰልችቷቸዋል። ደወሉ ሲጮህም ጋሼ ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ ያቆሙት ልጆቹ ደብተር ሲያጥፉ አይተው ነው።

በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ጆሮዎን ያምዎታል እንዴ?»

«ደህና ናቸው ልጄ፣ ሁሉም ደህና ናቸው» አሉና ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ሄዱ። ጽፋ እንዳትሰጣቸው፣ ለሳቸው ጥፊ ሆኖ ታያት። ፈሪ ናት፤ ተወችው።

ብትናገር ያስተማሯትን ሰው ከጡረታቸው ደጃፍ አዋርዳ ማስባረሯ ነው። ዝም ብትል ደግሞ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ «ድመት» እያለ ወደሷ ይመጣል፤ በሚመጣው ዓመትም እንዲሁ።

በስብሰባው ቀን ርዕሰ መምህሩ ሳይጠሩ መጡና በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት መጥተው አያውቁም።

«እህስ፣ አራተኛ ክፍል ምን ተገኘ?» አሉ።

የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ሆነ። ጋሼም ከፊቷ ተቀምጠው፣ እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው ያዩዋታል። ቀና ብትል ቃሉ እንደማይወጣላት አውቃ አንገቷን ደፋች።

«ጋሼ አይሰሙም» አለች። «ልጆቹ የሚመልሱትን አይሰሙም። ከቆየም ቆይቷል።»

ጋሼ ተናግራ መጨረሷን ብቻ አዩ። ያን ጊዜ፣ በልጅነቷ፣ እንዳዩዋት ትኩር ብለው አዩዋት።

«ጎበዝ!» አሏት፣ በዕድሜዋ ለሁለተኛ ጊዜ።

ማንም አልሳቀም።