ከመቃብሩ ጉብታ ላይ የጠፉት ጠጠሮች

ነገሩ የሆነው ዘንድሮ፣ ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ልጠረጥር ስል እሱ ትዝ ይለኛል።

የምኖረው በሰው አገር፣ ዩኒየን ሲቲ በምትባል ከተማ፣ ከልጄ ከሂሩት ጋር ነው። ጠዋት ሥራ ስትሄድ እግሬን እንዳፍታታ ጎረቤት ከተማ ፍሪሞንት፣ ከባሕሩ ዳርቻ ያለው ፓርክ ታወርደኛለች። እዚያ በአጥር የተከለለ ጉብታ አለ። ሂሩት ሰሌዳውን አንብባ፣ "አባዬ፣ የዚህ አገር የጥንት ሰዎች መቃብር ነው። በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ መግባት ክልክል ነው" ብላኛለች።

እኔ ባደግሁበት ቀዬ መንገደኛ እንዲህ ያለ ቦታ ሲያልፍ ጠጠር ጥሎ "ነፍስ ይማር" ይላል። እኔም ሳልገባ፣ በአጥሩ ላይ አሳልፌ በየቀኑ አንድ ጠጠር ጣል አደርግ ነበር። ማን አስታዋሽ አላቸው ብዬ ነው።

አንድ ቀን ባይ ጠጠሮቼ የሉም። በማግሥቱም የጣልኩት የለም። መቼም ድንጋይ ነፋስ አይወስደው። ሙታንን የሚነካ ሌባ አለ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን አጥሩ አጠገብ ካለው ሸምበቆ ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ። ጸጉሯን የጎነጎነች፣ እኔን የምታህል አሮጊት መጣች። ግራ ቀኝ አየችና በአጥሩ ክፍተት ከዘራዋን አስገብታ አንድ ነገር ሳበች። አንስታ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው። አጥንት እየለቀመች ነው ብዬ ደነገጥኩ። ዝም ልበል እንዳልል የሰው መቃብር ነው፤ እንዳልናገር ቋንቋ የለኝም።

ወጣሁና "ኖ፣ ኖ" አልኳት። እሷም እኔን ስታይ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችኝ። እኔ ደግሞ ለሂሩት ደወልኩ።

"ልጄ፣ መቃብር የምትዘርፍ ሴት ይዣለሁ።"

"አባዬ፣ ደግሞ ምን አደረጉ? በሉ ስፒከር ላይ ያድርጉትና እርስዎ ዝም ይበሉ።"

ሁለቱ በእንግሊዝኛ ብዙ አወሩ። በኋላ ሂሩት ሳቀች።

"አባዬ፣ እዚያ የተቀበሩት የእሷ ቅድመ አያቶች ናቸው። ጠጠሩን ስታይ ሌባ ሊቆፍር ምልክት እያደረገ ነው ብላ ነው ያነሳችው። ሳምንቱን ሙሉ እርስዎን ስትጠብቅ ነው የሰነበተችው። እዚያ ላይ ምንም አይወሰድም፣ ምንም አይጨመርም ትላለች።"

አፈርኩ። ሂሩት የጠጠሩን ምክንያት ስታስረዳት ሴትዮዋ ወደ እኔ ቀረብ አለች። ከዚያ ከረጢቷን ከፈተችልኝ። ለፖሊስ ላሳይ ብላ ጠጠሮቼን አንድ ሳታስቀር አስቀምጣቸው ኖሯል። ፎቶዬንም እዚያው ፊት ለፊቴ አጠፋችው።

አሁን ጠጠር አልጥልም። ባዶ እጄን ቆሜ ነፍስ ይማር ብዬ አልፋለሁ። ከሴትዮዋ ጋር ስንገናኝ እጅ እንነሳሳለን። የማናውቀው ሰው አጥሩን ሲጠጋ ግን፣ እሷም በዚያ እኔም በዚህ፣ እስኪሄድ ቆመን እናየዋለን።