ቀስ በይ፣ ልሳለም

የፍሬቻ ድምፅ ስሰማ እስከ ዛሬ ጀርባዬ ቀጥ ይላል። ትናንት እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ፣ ፍሬቻዬ ጠቅ ጠቅ ሲል፣ የአባቴ አሮጌ መኪና ሽታ መጣብኝ፦ ፀሐይ ያጋለው ወንበር፣ የሚንት ማስቲካ፣ ከሥራ ይዞት የሚመጣው ሳሙና።

ይኸውልሽ፣ አባቴ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ፣ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር የሚሠራው። በሰፈራችን የሚታወቀው ግን በመኪናው ነው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣውን ከኤርፖርት የሚቀበል እሱ፣ አሮጊቶቹን ለቅሶ ቤት የሚያደርስ እሱ። «እዚህ አገር መኪና የሌለው ሰው እግር የለውም» ይል ነበር። እናቴ ደግሞ መሪ እንደ እባብ ነበር የምትፈራው። ስለዚህ የዓይን ሐኪሙ የአባቴን ዓይን አይቶ ግላኮማ ነው፣ ብርሃኑን ቀስ በቀስ ይወስደዋል ያለ ቀን የሁላችንም እግር ተያዘ። ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ።

«አባዬ፣ ለጊዜው በቀን ትነዳለህ፤ ውሎ አድሮ ግን ታቆማለህ ነው የሚለው» አልኩት።

አባቴ መኪናችን ጋ ስንደርስ ቆመ። ከዚያ፣ «ፐርሚት በስንት ዓመት ነው የሚሰጡት?» አለኝ።

ሜሪላንድ ለልጅ መንጃ ፈቃድ በአንዴ አይሰጥም። መጀመሪያ ፐርሚት ነው፤ ፈቃድ ያለው ትልቅ ሰው ከጎንሽ ካልተቀመጠ መኪና አታንቀሳቅሺም። ወራቱን ጠብቀሽ፣ ተለማምደሽ፣ ሮድ ቴስት ካለፍሽ ፕሮቪዥናሉ፣ ጊዜያዊው ፈቃድ፣ ይመጣል፤ ብቻሽን ትነጃለሽ፣ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ አይቻልም፣ ጓደኛ መጫንም ለጊዜው ክልክል ነው። ሙሉው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ዕድሜዬ ለፈቃድ ሳይደርስ የአባቴ ዓይን እንዳይጠፋ ፈርቼ እንቅልፍ አጣሁ። እሱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል፤ ራሱ ግን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንኳ ሳላጥፍ ቁልፉን ያስጨብጠኛል።

የምንለማመደው ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ላይ ነበር። ያ መንገድ ቤተ ክርስቲያን በቤተ ክርስቲያን ነው፤ የእኛም፣ የኮሪያኖቹም፣ የሁሉም። አባቴ አንዱንም አያልፍም።

«ቀስ በይ፣ ልሳለም» ይልና ኮፍያውን አውልቆ ያማትባል።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የኛ አይደለም፣ ባፕቲስት ነው።»

«ቤቱ የሱ ነው፤ ዝርዝሩን እነሱ ይጨርሱ። አንቺ ዞር በይና ብላይንድ ስፖትሽን ቼክ አድርጊ።»

የሮድ ቴስቱ ቀን ሁሉም ነገር አማረልኝ፤ መኪናዋን ወደ ኋላ አስገብቼ በሁለት ዘንጎች መሀል እንደ ሕፃን አስተኛኋት። ወደ መጨረሻው ላይ ግን በቀኝ በኩል አንድ ቀይ ጡብ ቤተ ክርስቲያን ብቅ አለ። እግሬ ሳላዘው ፍሬን ረገጠ፤ ቀኝ እጄ መሪውን ለቆ ግንባሬ ላይ ወጣ። ከኋላ ያለው ሰውዬ ክላክሱን አስጮኸው። ፈታኙ ለምን እንደቆምኩ ጠየቀኝ።

«ቸርች ነበር» አልኩት።

እዚያው ጣለኝ። አባቴ ነገሩን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንቺን እግዜር አሳልፎሻል፤ የጣለሽ ሰውዬው ነው!» እኔ አልሳቅሁም። ብዘገይበትስ ብዬ ፈርቼ አለቀስኩ። ሳቁን አቁሞ በእጁ ጀርባ ጉንጬን ጠረገልኝ።

በሁለተኛው ፈተና በልቤ ብቻ እየተሳለምኩ አለፍኩ። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሳይ እግሬ ጋዙን ያላላል፤ ከኋላዬ ለሚነዳ ሰው ይብላኝለት።

ፕሮቪዥናሉ ከመጣ በኋላ የምሽቱ መንገድ የኔ ሆነ። አሌክሳንድሪያ ሄጄ ከሥራ አወጣዋለሁ፤ ማታ እሱ አጥርቶ ስለማያይ፣ የወንዙ ድልድይ ላይ ውሃው በመብራቱ ሲያብረቀርቅ እያየሁ እነግረዋለሁ። ጓደኛ እንዳልጭን መከልከሌ ደስ ብሎት ነበር። «ይሄን ሕግ ያወጣው ሰው ወላጅ መሆን አለበት» ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አልከፋኝም። አባቴን ለብቻዬ ያገኘሁት በነዚያ ምሽቶች ነው።

ሙሉውን ፈቃድ ልወስድ የሄድኩ ቀን ፈረቃውን ለውጦ አብሮኝ መጣ። የኔ ጉዳይ አልቆ ዞር ልል ስል፣ አባቴ ከኪሱ የራሱን መንጃ ፈቃድ አውጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ለማንም አልነገረም ነበር።

«ኖ ሞር ድራይቭ» አላት ሠራተኛዋን። «አይዲ ኦንሊ።» መንጃ ፈቃዱን መልሶ መታወቂያ ብቻ ሊወስድ ነበር።

ሴትዮዋ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ እኔን አየች፤ ከዚያ ካርዱን ቀስ ብላ ወሰደች።

ከቢሮው ስንወጣ ቀድሞኝ ወደ ሾፌሩ በር ሄደና እጀታውን ያዘ። ልማድ ሆኖበት ሊነዳ ነው ብዬ ጨንቆኝ ከኋላው ቆምኩ። በሩን ከፈተና ለታላላቆች እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ ያዘልኝ።

«ግቢ እንግዲህ» አለኝ።

ገባሁ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋልኝና ኮፈኑን በመዳፉ እየዳሰሰ በፊት ለፊቴ ወደ ሌላኛው በር ዞረ። ሞተሩን ሳላስነሳ ጠበቅሁት።