አናት ላይ የሰቀልሁት አምፖል

መስመር የሚሉት ቃል በደርግ ጊዜ ያልገባበት ሥራ አልነበረም። እኔ የመብራት ሠራተኛ ነበርሁ፤ ከጢስ ዓባይ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣውን ገመድ ነው መስመር የምንለው፣ ከነካኸው ያደርቅሃል። ስብሰባ ላይ ደግሞ ካድሬው መስመር ሲል የአብዮቱን አቋም ማለቱ ነው። እሱንም ብትስተው አያኖርህም! ቤት ስገባ የአባቴ መስመር ይጠብቀኛል፤ ቀለም ሳይነኩ ብራና ላይ በወስፌ የሚጭሩት፣ ፊደሉን የሚያሰልፉበት ጭረት ነው።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። በዚያ ክረምት ጣና ውስጥ ላለ ገዳም ዳዊት ይጽፉ ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር፣ «ይኸን ሳላስረክብ ዓይኔን አይውሰድብኝ» ይላሉ። ሰማዩ ጠቁሮ በዋለ ቁጥር መስኮቱ ሥር እንደዚያ ተጎንብሰው ሳያቸው አንጀቴን ይበሉት ነበር።

ምን ገዶኝ፣ ባለሙያ ነኝ! አንድ እሑድ መብራት አስገባሁና አምፖሉን ከጣራው መሐል ሰቀልሁት። መቀመጫቸውንም ከመስኮቱ አንስቼ ከሥሩ አደረግሁ። «እሰይ የኔ ልጅ፣ ፀሐይ አመጣህልኝ!» ብለው መረቁኝ።

መስከረም ላይ ዳዊቱን ይዘው በታንኳ ተሻገሩ። ሲመለሱ መጽሐፉ አብሯቸው ነበር፤ ፊደሉ መስመር ለቋል፣ ለመቅደስ አይሆንም ተብለዋል። ገልጬ አየሁት። እስከ እኩሌታው ቀጥ ያለ ነው፤ አምፖሉ ከገባ ወዲህ የተጻፈው ግን አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል።

«ምነው አባባ?» አልሁ።

«የወስፌ ጭረት የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው፣ ልጄ። ከላይ ሲወርድበት ይጠፋል።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ? ወደ መስኮትዎ አይመለሱም ነበር?»

«እንዴት አድርጌ! አንተ እኮ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ ቀና ብለህ የምታየው አምፖሉን ነው።»

ቅንድብ ላበጅ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይኸ ነው። በራሴ በገንሁ፤ በእሳቸውም ተናደድሁ።

በማግሥቱ አምፖሉን አውርጄ ከጎናቸው፣ በክንዳቸው ልክ አሰርሁት። አዲስ የተሰመረ ብራና ዘረጋሁላቸው። እያንዳንዱ ጭረት ወለል ብሎ ታየኝ። እሳቸው ብራናውን ወደ ፊታቸው አስጠጉ፣ አራቁ፤ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና በጣታቸው ይዳብሱት ጀመር።

«አሁን ደኅና ነው» አሉኝ።