አንድ ድስት ሩዝ እስከ ዕውሩ ጉያ

ናዲዴ ሃያ ስድስት ዓመት ባሕር ላይ ኖራለች፤ ባሕሩን ግን በአንዲት መስኮት ብቻ ነው የምታውቀው። መስኮቷ የማዕድ ቤቱ ናት። እንደ መጥበሻ ክብ ስትሆን ከውኃው ከፍ የምትለው አንድ ክንድ ያህል ነው። ባሏ ሩስተም ከላይ መሪውን ይዞ እንግዶችን ከአንዱ የባሕር ጉያ፣ ገደል ከከለለው ጸጥ ያለ ውኃ፣ ወደ ሌላው ሲያዞር፣ እሷ ታች ሽንኩርት ትከትፋለች። ጀልባቸው ገሊንጂክ ባለ ሁለት ምሰሶ የእንጨት ጀልባ ናት። በቱርኳ የወደብ ከተማ በቦዝቡሩን ከእሷ የሚያምር ጀልባ የለም የሚሉት ባለቤቶቿ ብቻ አይደሉም።

ሚያዝያ ላይ ሩስተም ለዓይን ምርመራ ሄደና ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ማንበብ አቃተው። ናዲዴ ለሰፈሩ እንደተናገረችው ከሆነ ግድግዳውንም አላየውም። የካፒቴንነት ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ። በዚያው ሳምንት ጀልባዋን ለጎረቤታችን ለካፒቴን ዱርሱን ሊሸጥ ተስማማ፤ የዱርሱን ሚስት ለጀልባዋ መስኮቶች የመጋረጃ ጨርቅ ገዛች።

ናዲዴ ይህን ስትሰማ ከዱቄት ጣሳው ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣች። ክረምቱን ሙሉ ልብስ ስፌት እማራለሁ እያለች ማርማሪስ ከተማ ስትመላለስ የከረመችው ለካፒቴንነት ፈተና ነበር። በሃምሳ አምስት ዓመቷ ፈተናውን አልፋለች።

«ወረቀት ጀልባ አይነዳም» አላት ሩስተም።

«የማያይ ዓይንም አይነዳም» አለችው።

ከዚያ ሁለቱም ሰው ፊት ተወራረዱ። ሐሙስ ዕለት ናዲዴ እንግዶቹን ይዛ ዕውሩ ጉያ ትገባለች። ሩስተም ማዕድ ቤት ይሆናል። የጀልባዋ ገመድ ዳር ካለ ዛፍ ላይ ከመታሰሩ በፊት እሱ ከማዕድ ቤት ብቅ ካለ፣ ለምንም ይሁን ለምን፣ ገሊንጂክ ዓርብ ጠዋት የዱርሱን ናት። ካልወጣ መሪው የናዲዴ ነው።

ዕውሩ ጉያ ስሙን ያገኘው ከባሕር ላይ በሩ ስለማይታይ ነው። ገደሉ እንደ መጋረጃ ተደራርቧል፤ መግቢያውን የሚያውቅ ይገባል፣ የማያውቅ አልፎ ይሄዳል። ገመዱ የኔ፣ የጀልባዋ ረዳት፣ ሥራ ነው። ጀልባዋ መልሕቋን ጥላ ኋላዋን ወደ ዳር ስታዞር፣ እኔ ገመዱን በጥርሴ ነክሼ እዋኝና ጥዱ ላይ አስራለሁ። እኛ ዘንድ ገመድ ያላሰረ ጀልባ ደረሰ አይባልም።

ሐሙስ ጠዋት ነፋሱ ጥሩ ነበር፤ ሁለቱንም ሸራ ዘረጋን። ከአንካራ የመጡት ስድስት እንግዶች ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ተዘረሩ። ከእነሱ አንዷ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ፣ ወይዘሮ ፔሪሃን፣ ገና ከወደቡ ሳንወጣ ውርርዱን ሰምታ ናዲዴ ታሸንፋለች ብላ ከባሏ ጋር በአንድ ሐብሐብ ተወራርዳ ነበር። ናዲዴ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ያለ ምክንያት ትስቃለች። በየመሀሉ ወደ ታች ትጣራለች፤ ሽንኩርቱን አቅጥን፣ ጨው አታብዛ፣ መጋረጃው ላይ እጅህን አትጥረግ። የሩስተም መልስ አንድ ነው፤ «እሺ፣ ካፒቴን»። እንዴት እንደሚለው ግን አለመስማት ይሻላል።

ከዕውሩ ጉያ በፊት ካለው ትልቅ ቋጥኝ ስንደርስ የመጨረሻ ትእዛዟን ሰጠች። «ሩዙን አሁን ጣድ። የመልሕቁ ሰንሰለት ሲጮኽ አውርደው። ሳይጮኽ እንዳትነካው።»

ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው እንደዚህ ነው። ቋጥኙ በመስኮቷ ሲያልፍ ሩዙን ትጥዳለች፤ ሩዙ ውኃውን ሲጨርስ ከላይ ሰንሰለቱ ይንኳኳል። አንድም ቀን አላረረባትም።

ሸራውን አውርደን በሞተር ገደሉን ተጠጋን። ናዲዴ ሳቋን አቆመች። አንገቷን ወደ ግራ አዘመመች፣ ወደ ቀኝ አዘመመች። ገደል፣ ገደል፣ አሁንም ገደል። በዚህ መሀል የሩዙ ሽታ ከታች መጣ፤ የበሰለ፣ ደንበኛ የደረሰ ሩዝ።

ወደ እኔ ዞር ብላ በሹክሹክታ «ሩዙ ደርሷል፤ እኛ አልደረስንም» አለችኝ።

በሩን አልፈነው ነበር፤ እኔም ስንገባ ሁልጊዜ ኋላ ገመድ ስለማዘጋጅ ልብ ብዬው አላውቅም። ዱርሱን ውርርዱን ሊያይ በራሱ ጀልባ ከኋላችን ይከተል ነበርና ሬዲዮው ወዲያው አንቋረረ። «እትዬ ናዲዴ፣ ወደ ግሪክ ከሆነ ፓስፖርት ይዛችኋል?»

ጀልባዋን አዞረችና ነገሩ ገባት። ይህን ገደል ከላይ ሆና አይታው አታውቅም። የምታውቀው ከማዕድ ቤቱ መስኮት፣ ከውኃው ጋር እኩል ሆና ነው። ወደ ማዕድ ቤት ብትወርድ ለሩስተም እንደ መሸነፍ ነው፤ ከጎን ብትንጠለጠል ደግሞ መሪውን ማን ይይዛል? እኔ እግሯን መያዝ አለብኝ። ሩስተም አይወጣም።

«ወይዘሮ ፔሪሃን፣ መሪውን ያዙልኝ።»

«እኔ? መኪና እንኳን ነድቼ አላውቅም።»

«ጥሩ። መጥፎ ልማድ የለዎትም ማለት ነው።»

ከዚያ ካፒቴኗ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኛችና ከወገቧ በላይ ወደ ባሕሩ ተንጠለጠለች። እኔ ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ። ሻሿ ወልቆ ውኃ ውስጥ ገባ። ጭንቅላቷ ከማዕድ ቤቱ መስኮት ጎን ደረሰና ከሩስተም ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። እሱ በቀጥታ፣ እሷ ተዘቅዝቃ።

«ምን ሆንሽ?» ሲላት ሰማሁ።

«ሥራ ላይ ነኝ። ሩዝህን ጠብቅ።»

እንግዶቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ፔሪሃን ብቻ አልሳቀችም፤ መሪውን እንደ ፈተና ወረቀት አፍጥጣ ይዛዋለች። ናዲዴ ከታች ትጮኻለች፤ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ትንሽ ወደ ግራ። ድንገት እግሮቿ እጄ ውስጥ ተንፈራገጡ። አየችው። ገደሉ ከውኃው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ማሰሮ ጆሮ የተበሳ ቋጥኝ አለ። ከላይ ያለው ድንጋይ ስለሚጋርደው ከመሪው ቦታ አይታይም። በሩ ከጆሮው ቀጥሎ ነው። ጎትቼ አወጣኋት፤ ጸጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ መሪውን ተቀበለችና ገባን።

ውስጡ ሐይቅ ይመስላል፤ አረንጓዴና ጸጥ ያለ። ያን ጊዜ ነው ጭሱን ያየነው። ከክቧ መስኮት ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። ሩስተም ሰንሰለቱን እየጠበቀ ነበር። ሩዙ እሳት ላይ ሁለት ጊዜ በስሏል።

መልሕቁን ጣልን፣ ሰንሰለቱ ጮኸ፤ ድስቱ ሲነሳም ሰማን። ጭሱ ግን አልቀነሰም። ከታች የሚሰማው ሳል የአሮጌ ሞተር ሳል ነበር።

«ሩስተም፣ ውጣ» አለችው ናዲዴ።

«ገመዱ ታሰረ?»

«አልታሰረም። ውጣ፣ ትታፈናለህ።»

«አልወጣም።»

«ውርርዱ ገደል ይግባ፣ ሰውዬ።»

«መሪሽን ያዢ፣ ሴትዮ።»

ገመዱን ነክሼ ዘለልኩ። እንደዚያ ቀን ዋኝቼ አላውቅም። ጥዱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ ቋጠርኩና ገና ሳልተነፍስ ታስሯል ብዬ ጮኽኩ። የማዕድ ቤቱ በር ተበረገደ። ሩስተም ፊቱ ከሰል መስሎ፣ ዓይኑ እያነባ፣ የሚጨሰውን ድስት ታቅፎ ወጣ። ናዲዴ ድስቱን ነጥቃ ባሕር ውስጥ ወረወረችው፤ ከዚያ ደረቱን ሁለት ጊዜ በቡጢ መታችው፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች።

ለምን እንዳልወጣ ጠየቀችው።

«ዱርሱን መሪ ሲይዝ አይተሽው ታውቂያለሽ? ገሊንጂክን ለእሱ?» አለ እያሳለ።

ዱርሱንም በዚያው ቅጽበት ደረሰ። ጀልባዋ የተቃጠለች መስሎት የእሳት ማጥፊያውን ታቅፎ በትንሿ ታንኳ ነበር የመጣው። የሚጠፋ እሳት አጣ። ገመዱን አየ፣ ጥዱን አየ፣ ጥቁሩን ሩስተም አየ።

«እንግዲህ የዓርቡ ነገር እንዴት ነው፣ ወንድሜ?»

«ካፒቴኗን ጠይቅ» አለ ሩስተም። «እኔ የማዕድ ቤት ሠራተኛ ነኝ።»

ካፒቴኗ ጸጉሯን እየጨመቀች ነበር። ሚስቱ የገዛችው የመጋረጃ ጨርቅ ለቤት መስኮትም እንደሚሆን እንዲነግራት አለችውና ለምሳ እንዲቀመጥ ጋበዘችው። ፔሪሃን ሐብሐቧን ከባሏ ተቀብላ መቁረጥ ጀምራለች።

«ሩዙን ድገመው» አለችው ናዲዴ ባሏን። «ለዱርሱንም ጨምር። አሁን ሰንሰለት የለም፤ ሰዓት እያየህ አብስል።»

ሩስተም ሌላ ድስት አነሳና በሩ ላይ ቆመ። «ስንት ደቂቃ ነው?»

ናዲዴ አሰበች። ወደ ገደሉ በር ተመለከተች፣ ከበሩ ማዶ ሩዝ ወደምትጥድበት ቋጥኝ በጣቷ ጠቆመች፣ ጣቷን መልሳ መልሕቁ ላይ አሳረፈች።

«እኔ ምን አውቄ» አለች።