የባለጋሪው ደረሰ ፊልም

ዳንግላ ውስጥ ደረሰን የማያውቅ ካለ መንገደኛ ነው። ባጃጅ ከተማውን ቢሞላውም እሱ ጋሪውን አልተወም፤ ፈረሱን ሳያበላ አይበላም፣ ዳገት ላይም ወርዶ አብሮት ይገፋል። ደግ ሰው ነው፤ ኩራቱ ግን አይጣል! ሚስቱ አምሳለ ባለፈው ክረምት አኩርፋ ጥሊሊ እናቷ ቤት ስትገባ፣ ሽማግሌ መላክ ያገር ወግ ሆኖ ሳለ፣ «በእግሯ እንደሄደች በእግሯ ትመጣለች» ብሎ ቁጭ አለ። እሷም ደጅ ደጁን እያየች ሽማግሌ ስትጠብቅ ክረምቱ አለፈ።

እኔ ኑሮዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። ዘንድሮ ግን ፊልም ካልሠራሁ ብዬ ተነሣሁ። ባለትዳር ሴት የጦር መኮንን ወድዳ ቤቷን ጥላ የምትወጣበትን የድሮ የሩስያ ልቦለድ ወደ ዳንግላ አመጣሁት፤ የልቦለዱን ባቡር፣ እኛ ስለሌለን፣ በጋሪ ተካሁት። የተተወውን ባል እንዲጫወት ደረሰን ለመንኩት። ፊቱ ያለ ትወናም ያሳዝናል። ጎረቤቱን አያ ውብአየሁንና ሁለት አዛውንቶችን ከኋላው መደብ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሥራቸው ዝም ብሎ መታየት ብቻ ነበር።

ካሜራው ተከፈተ። ደረሰ «ትሂድ! ከእንግዲህ ደጄን አትረግጥም» ማለት ነበረበት። ዓይኑ ግን እንባ ሞላ።

«አያ ውብአየሁ» አለ ዞሮ፣ «እባክዎ ሄደው አምሳለን ያምጡልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል፤ ብርሃኑ እንዴት ያምር ነበር! አዛውንቶቹ ግን ተነሥተው ጋቢያቸውን ያጣፉ ጀመር።

«ተቀመጡ እንጂ፣ ፊልም እኮ ነው!»

«ልጄ» አሉኝ አያ ውብአየሁ፣ «ሽማግሌ አንዴ ከተለመነ አይቀመጥም።»

በማግስቱ በሚኒባስ ጥሊሊ ሄዱ። ደረሰ ያን ቀን ጋሪ አልነዳም፤ መናኸሪያ ቆሞ የገባውን ሚኒባስ ሁሉ ሲያይ ዋለ። «እምቢ ብትላቸውስ?» አለኝ። አንጀቴን በላው። አመሻሽ ላይ አምሳለ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ወረደች። ደረሰ ጓዟን ተቀብሎ ፊት ፊት ሄደ።

ሰሞኑን ቤታቸው ብሄድ አምሳለ ስለ ፊልሙ ጠየቀችኝ።

«ያች የሩስያዋ ሴት ኋላ ወደ ቤቷ ተመለሰች?»

«አልተመለሰችም። መጨረሻዋ ሞት ሆነ።»

አምሳለ ከንፈሯን መጠጠች። ደረሰን ቀና ብላ አየችው።

«ምስኪን!» አለች፣ «ሽማግሌ የሚልክላት አጥታ ነዋ!»